የቶፊቅ መኪና

ጋራዤ ከዚራ ነው፣ ከባቡሩ ግንብ ጀርባ፤
ቆርቆሮው ይንጣጣል ሙቀት ሲወጣ ሲገባ።
ቶፊቅ የመጣ ለት ካርቶን አንጥፌ ተኝቼ
«ተነሥ አቦ!» አለኝ፤ ተነሣሁ ዓይኔን አሽቼ።

«የጎረቤቴን ቪትዝ ሌሊት ገፍተው ወሰዱት፤
ቁልፍ አልፈለጉም፤ ሽቦ አገናኝተው ነዱት።
ለኔዋ ደወል ግጠምላት፣ ሲነኳት የሚጮኽ።»
«የጮኸ ይለመዳል» አልኩት። «በዚህ ሐሩር
ለደወል ማን ይነሣል?
ሌባ የሚይዘው ዝም ያለ ነው።»

ባትሪውን ፈታሁ። የኋላ ወንበሩን ነቀልኩት፤
ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩት፤
ሁለቱን ጫፍ አስረዝሜ ምንጣፍ ለምንጣፍ ሳብኳቸው።
ከሞተ ሬዲዮ የፈታኋትን፣ ጥፍር የምታህል ማብሪያ፣
እጅ ካልለመደ በቀር ዓይን ከማይደርስበት ሰካኋት።

ስትበራ፣ ቁልፍ ሲዞር፣ ሁለት ሰከንድ ያህል
«ዝዝዝ» ይላል ፓምፑ፣ ጠርሙስ እንደገባ ንብ።
ስትጠፋ ጭጭ።
ቧንቧው ውስጥ የቀረች ነዳጅ ሃምሳ ሜትር ትገፋለች፤
ከዚያ መኪናዋ፣ መሃል መንገድ፣ ሐሳቧን ትቀይራለች።

«ለማንም እንዳትነግር፤ ለሚስትህም ቢሆን» አልኩት።
ሳቀ። «ለሩቂያ? ለሷ የነገሩት
ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀፊራ ገብቶ ይሸጣል፣
ዋጋም ተጨምሮበት!»

ደቻቱ ሁለቴ ሞላ፣ ሁለቴ አሸዋ ሆነ።
አንድ ሌሊት ሌባ ነድቷት ወንዙ መሃል ቆመችበት፤
በሯን እንኳ ሳይዘጋ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ ሸሸ።
ቶፊቅ ጫማውን ይዞልኝ መጣ፣ ከአንድ ዘንቢል ብርቱካን ጋር።
የቀኝ እግር ነው። እስካሁን ምስማር አኖርበታለሁ።

ከዚያ አንድ ማታ አጥፍቷት ገባ።
ጠዋት እሱም አልተነሣ፤
እሷም አልተነሣች።

ከአርባው በኋላ ሩቂያ በባጃጅ መጣች።
«ሦስት ጋራዥ ጠርቻለሁ፤ አንዱ ባትሪ ሸጠልኝ፣
አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ አንዱ ‹ሽጫት› ብሎ መከረኝ።
ቶፊቅ የሚያምነው ግን አንተን ነበር አሉ።»

ሳቢያን ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማለች።
እውነቱን ልናገር፦ የት እንዳኖርኳት ጠፋኝ።
ከሱ ወዲህ ስንቱን ደበቅሁ!
የኔ ሥራ መሸሸግ ነው፤ ማስታወሱ የባለቤቱ።
ተንበርክኬ ዳሰስኩ፣ ቴስተሩን ሽቦ ለሽቦ ነዳሁ፤
ላብ ዓይኔን አሳወረኝ፣ ያልታሰረ ብሎን ፈታሁ።
ሩቂያ ደጃፍ ቆማ ታየኛለች።

«ጠዋት ጠዋት» አለች ድንገት፣ «ቁልፉን ሳያዞር በፊት
ጎንበስ ይል ነበር። ግራ እጁ ወደ ታች፤
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባይሰማኝም ይታየኛል።
ዱዓ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር፣ ለመንገዱ።
እኔም መስኮቱ ጋ ቆሜ
‹አሚን› እለው ነበር።»

«ግቢ» አልኳት። «እስቲ እንደሱ ሁኚ።»

ተቀመጠች። ወንበሩን ወደፊት አልሳበችም፤
እግሯ ፔዳሉ ላይ ሳይደርስ፣ በሱ ስፋት ውስጥ ጠፍታ፣
ጎንበስ አለች። ግራ እጇን ሰደደች፤
ጣቶቿ ምንም የሚፈልጉ ሳይመስሉ
ጠቅ።

ቁልፉን አዞረች። «ዝዝዝ» አለ ከኋላ።
ሞተሩ አንዴ አሳለና ያዘ።

ታለቅሳለች ብዬ ፊቴን አዞርኩ።
እሷ ግን መሪውን በመዳፏ መታችው፦
«ውሸታም! ወላሂ ውሸታም! ሦስት ዓመት ሙሉ
ለማብሪያ አሚን ስል!»
ሳቋ ከጭሱ ጋር ግቢውን ሞላው።

«ማን ያውቃል» አልኳት፤
«ማብሪያ ለመንካት ከንፈር አያስፈልግም።»
ሳቋን አቆመች።

ፒንሳዬን አነሣሁ። «ልንቀላት? ሽቦውን ቀጥታ ላገናኝልሽ?»
«ተዋት።»

ጎረቤት በአጥር ተንጠላጥሎ «ምን ሆና ኖሯል?» አለ።
«ባትሪ ነው» አለች ሩቂያ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ቀፊራ እስከ ዛሬ አልሰማም።
እኔ እንኳ፣ ይኸው፣ ይህን ሁሉ ለፍልፌ፣
የቷ ጋ እንደሆነች
አልነገርኳችሁም።